ለምን ብቻዋን ሄደች?

በመንገድ ላይ ያለች ሴት ክፉ ነገር ሲደርስባት ከሁሉ አስቀድሞ ከአንደበታችን የሚወጣው ጥያቄ «ማን አደረገው?» የሚል ሳይሆን «ለምን ብቻዋን ሄደች?» የሚል ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ ከክፋት የሚመነጭ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው እናትን፣ አክስትን ከመሰሉ ወዳጆች አፍ ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ የተሸሸገ ፍርድ አለ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንላለን። ልብ እንበል፤ ተረቱ ስላልጠረጠረው እንጂ ስለ መንጣሪው አንድም ቃል አይናገርም።

ለመሆኑ ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ራሷን የመጠበቅ ግዴታ እስከ ምን ድረስ ነው? ሳትጠነቀቅ ብትቀርስ ለደረሰባት በደል በከፊል ተጠያቂ ትሆናለችን? ይህን ጥያቄ በአውሮፓ፣ ይልቁንም በፈረንሳይና ከእርሷ በሚቀጥሉ መንገዶች ላይ ልንመለከተው ወደድን። የሴቶች ጉዞ በዚያ ረዥም ታሪክ አለው፤ ክርክሩም የዛሬ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከ381 እስከ 384 ባሉት ዓመታት ኤጌሪያ የምትባል ሴት ከምዕራብ አውሮፓ ዳርቻ ተነሥታ እስከ ኢየሩሳሌም፣ እስከ ሲና ተራራና እስከ ሜሶጶጣሚያ ድረስ ተጓዘች። ያየችውንም በአገራቸው ለቀሩት እኅቶቿ ጻፈችላቸው። ጽሑፏ ለብዙ ዘመናት ተረስቶ ኖሮ በ1884 በጣሊያን አገር በአሬዞ ከተማ ከፊሉ ተገኘ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለጥያቄያችን የሚጠቅም አንድ ትንሽ ነገር አለ። ከሲና ወደ ግብጽ በተመለሰች ጊዜ፣ መንገዱ አስጊ በሆነበት ሁሉ የሮማ ወታደሮች ከምሽግ ወደ ምሽግ ይሸኟት ነበር፤ ሕዝብ ወደሚመላለስበት አውራ ጎዳና ስትደርስ ግን እነርሱን ማድከም ስለማያስፈልግ አሰናበተቻቸው። ሴትነቷን ሳይሆን መንገዱን መዘነች። አደጋ ባለበት ጠባቂ ተቀበለች፤ አደጋ በሌለበት በነጻነት ሄደች። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ አስተዋይነት የሚለው ምግባር ይህን ይመስላል፤ እርሱ ዘንድ አስተዋይነት በሥራ ላይ የዋለ ቀና አእምሮ እንጂ ፍርሃት አይደለምና። ፍርሃት ሁሉንም መንገድ አንድ አድርጎ ያያል፤ አስተዋይነት ግን ሌሊቱን ከቀኑ፣ ምድረ በዳውን ከጎዳናው ይለያል።

ሁሉም ግን እንዲህ አላሰበም። በ747 ገደማ ቅዱስ ቦኒፋስዮስ ለካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ለኩትበርት በጻፈው ደብዳቤ፣ ወደ ሮም የሚሄዱ እንግሊዛውያት ሴቶችና ደናግል በብዛት ስለሚጠፉ፣ በሎምባርዲያና በጋልያ ከተሞችም በዝሙት የሚኖሩ እንግሊዛውያት የሌሉበት ከተማ ጥቂት ስለሆነ፣ ጉዞው በሲኖዶስ እንዲከለከል ለመነ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር። እነዚያ ሴቶች ስንቃቸው አልቆ ወይም ተታለው በባዕድ ከተማ የቀሩ እንደሚሆኑ መገመት አያዳግትም። ነገር ግን መፍትሔው የወረደው በማን ላይ ነው? በተጓዦቹ ላይ ነው። አታላዩ በከተማው ተቀመጠ፤ በር የተዘጋው በእርሷ ላይ ነው።

ይህን ስንል ግን ቅዱሱን መውቀሳችን አይደለም፤ ሕይወቱ ከደብዳቤው የሰፋ ነበርና። ያው ቦኒፋስዮስ ሊዮባ የተባለችውን መነኩሲት ከእንግሊዝ ባሕር ተሻግራ ወደ ጀርመን ምድር እንድትመጣ ራሱ ጠርቷታል፤ እርሷም በታውበርቢሾፍስሃይም የደናግልን ገዳም መራች። የአንዲቱን ጉዞ ሲከለክል የሌላይቱን መጥራቱ እርስ በርሱ ይጋጫልን? ልዩነቱ ምናልባት በሴቶቹ ብርታት ላይ አልነበረም፤ ሊዮባን በመንገዷ መጨረሻ የሚጠብቃት ሰውና የተዘጋጀ ቤት ነበር። ብቻን መሄድና የሚጠብቅ ሰው ማጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር ይህን እንዲያስታውስ እንመርጣለን።

መከልከል ቀላሉ ጥበቃ ስለሆነ ዘመናትን ተሻግሮ ይኖራል። በ1887 የ14 ዓመቷ ትሬዛ ዘሊዝዩ ከአባቷና ከእኅቷ ጋር ወደ ሮም በተጓዘች ጊዜ፣ በጣሊያን ሴቶች «እዚህ አትግቡ፣ እዚያ አትድረሱ» እየተባሉ በየቅዱሱ ስፍራ እንዴት እንደሚመለሱ ተመልክታ መገረሟን በኋላ ጽፋለች። ያውም ብቻዋን አልነበረችም!

ወደ ዘመናችን እንመለስ። በደቡብ ማዕከላዊ ፈረንሳይ በለፑዪ ካቴድራል ጠዋት በ1 ሰዓት ቅዳሴ ይደረጋል፤ ከዚያም ወደ ስፔን ወደ ቅዱስ ያዕቆብ ዘኮምፖስተላ የሚሄዱ መንፈሳውያን ነጋድያን ተባርከው 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የእግር መንገድ ይጀምራሉ። ከእነዚህ መካከል ብቻቸውን የሚሄዱ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ባል የሞተባት፣ ከሥራ ጡረታ የወጣች፣ ትምህርቷን የጨረሰች ወጣት። አብዛኞቹም በሰላም ይደርሳሉ።

አንዲት ልጅ «ልሄድ ነው» ብላ ብትነግረን ምን እንመክራታለን? ወደማታውቀው ከተማ በብርሃን እንድትደርስ፣ የመጀመሪያይቱን ሌሊት ማደሪያ ከአገሯ ሳትወጣ እንድትይዝ፣ በባቡር ጣቢያ ደጃፍ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ የሚቀርባትን ትታ ተራ ወደሚጠብቁት ባለ ፈቃዶች እንድትሄድ፣ የፓስፖርቷን ቅጂ ለብቻው እንድታስቀምጥ እንመክራታለን። ያለችበትን ስፍራ እዚያው ሳለች ለዓለም ሁሉ በስልኳ እንዳታሳይ፣ ነገር ግን ለአንድ ለምታምነው ሰው የየዕለቱን ማደሪያዋን እንድታሳውቅም እንነግራታለን። በሚቀጥለው ማደሪያ ስልክ ደውላ «ዛሬ ማታ እደርሳለሁ» ካለች፣ ባትደርስ የሚያስባት ሰው አለ ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ 112 የአደጋ ጊዜ ቁጥር መሆኑን፣ በፈረንሳይም መናገር በማይቻልበት ጊዜ በ114 የጽሑፍ መልእክት መላክ እንደሚቻል ትወቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልቧ ካልወደደው ሰው አጠገብ ለመነሣት ይሉኝታ አይያዛት። ብዙ ጨዋ ልጆችን የጎዳቸው ድፍረታቸው ሳይሆን ይሉኝታቸው ነው።

ይህ ሁሉ መልካም ምክር ነው፤ ነገር ግን ዋስትና አይደለም። በሚያዝያ 2015 በስፔን በአስቶርጋ ከተማ አቅራቢያ በዚያው በቅዱስ ያዕቆብ መንገድ ብቻዋን ትጓዝ የነበረች አንዲት መንፈሳዊት ነጋዲት ተገደለች። በመንገዱ ላይ ነጋድያን የሚከተሉት ቢጫ ቀስት አለ፤ ገዳዩ ሐሰተኛ ቀስት ሥሎ ወደ ቤቱ አቅጣጫ እንዳሳታት በወቅቱ ተነገረ። ፍርድ ቤቱም በ2017 በእስራት ቀጣው። እንግዲህ እርሷ ምን አጠፋች? መንገደኛ ሁሉ የሚያምነውን ምልክት አመነች። ያለ እንዲህ ያለ እምነት ማንም፣ ወንድም ቢሆን፣ ከደጁ ሊወጣ አይችልም። እምነቷን ወጥመድ ያደረገው ሰው ነው በደለኛው።

ከዚህ የተነሣ አንድ ልዩነት መጠበቅ ይገባናል እንላለን። «ብቻሽን በሌሊት አትውጪ» የሚለው ቃል ከጉዞው በፊት ሲነገር ፍቅር ነው፤ ከጉዳቱ በኋላ ሲነገር ፍርድ ነው። ቃሉ አልተለወጠም፤ ጊዜው ግን ትርጉሙን ለወጠው። አስተዋይነት ወደፊት የሚመለከት ምግባር ነው፤ ወደ ኋላ ዞሮ የተጎዳን ለመክሰስ የተሰጠ አይደለም። ቤቱን ሳይቆልፍ የተሰረቀ ሰው ቸልተኛ ሊባል ይችላል፤ ሌባው ግን በዚያ ምክንያት ግማሽ ሌባ አይሆንም። ይህን የማይቀበሉ ቅን ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ «ካልተወቀሰች ሌሎቹ አይማሩም» ይላሉ። እኛ የታዘብነው ግን የተወቀሰች ሴት ዝም ማለትን እንደምትማር ነው፤ ዝምታዋም ለሚቀጥለው በዳይ መንገድ ይጠርጋል።

የጥንቃቄውን ሸክም ከተጓዧ ትከሻ ላይ በጥቂቱም ቢሆን የሚያነሡ ሰዎች አሉ። የናንት ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሌሊት በአውቶቡስ የሚሄዱ ሴቶች ሾፌሩን ጠይቀው በሁለት ፌርማታዎች መካከል፣ ለቤታቸው በሚቀርበው ስፍራ እንዲወርዱ ፈቀደች፤ አሠራሩ ወደ ፓሪስ አካባቢና ወደ ሌሎች ከተሞችም ደረሰ። በነሐሴ 2018 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ ሴትን በመንገድ ላይ በጸያፍ ቃልና በክትትል ማስጨነቅን በገንዘብ የሚያስቀጣ ጥፋት አደረገው። በእንግሊዝ በሊንከንሻየር በ2016 የተጀመረው ልማድ ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው፤ የፈራች ሴት ወደ መጠጥ ቤት ሠራተኛ ቀርባ «አንጄላ አለች?» ብላ ብትጠይቅ፣ ሠራተኛው ነገሩ ገብቶት ከሚያስጨንቃት ሰው ይለያታል፣ መኪና ይጠራላታል። በፈረንሳይም ብዙ መደብሮችና ካፌዎች ይህን ተቀብለዋል። አንድ አስተናጋጅ ለዚህ የሚያስፈልገው የአንድ ስም እውቀትና ትንሽ ትኩረት ብቻ ነው። ቅዱስ ቤነዲክቶስ በሥርዓቱ እንግዳ እንደ ክርስቶስ ይቀበል ብሎ ባዘዘ ጊዜ በር ላይ አስተዋይ ሽማግሌ ይቀመጥ ያለውም እንዲሁ ነው፤ የሚመጣው ሰው መልስ የሚሰጠው እንዲያገኝ።

ኤጌሪያ ከቁስጥንጥንያ በጻፈችው መልእክት ጉዞዋ ገና አላለቀም ነበር፤ ወደ ኤፌሶን ልትሄድ አስባለች፤ በሕይወት ብትኖርም ባትኖርም እኅቶቿ እንዲያስቧት ትለምናቸዋለች። ወደ አገሯ መመለሷን የሚናገር ነገር አልተገኘም። ከሦስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ግን ቫሌርዮስ የተባለ መነኩሴ በስፔን ተራሮች ለሚኖሩ መነኮሳት ወንድሞቹ ስለ እርሷ ጻፈ። ለምን ሄደች ብሎ አልጠየቀም፤ የወጣቻቸውን ተራሮች እየቆጠረ የእርሷን ብርታት ለወንዶቹ አርአያ አድርጎ አቀረበላቸው።