ባለቤቱ የሄደበት መቃብር

ሰው ለወላጁ መቃብር የሚሰጠው ክብር ከተፈጥሮ ፍቅር የሚመነጭ ስለ ሆነ፥ ድንጋይ ቢያቆም፥ ተዝካር ቢያወጣ ማንም አያደንቀውም፤ ልጅ ነውና። ሊመረመር የሚገባው ሌላ ነው፤ ይኸውም፥ ዘመዶቹ ርቀው የሄዱ፥ ሃይማኖቱም ከእኛ የተለየ ሰው መቃብር በደጃችን ቢቀር ምን ይገባናል? የሚለው ነው።

ይህ ለጎንደር ሰው የሩቅ ምሳሌ አይደለም። ከከተማው በስተ ሰሜን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ባለችው በወለቃ፥ እንዲሁም በአምቦበር፥ የቤተ እስራኤል መቃብር አለ። በዚያ ያረፉት በሕይወታቸው ሳሉ ወንዶቹ ማረሻችንን የቀጠቀጡ፥ ሴቶቹ እንስራችንን የሠሩ ናቸው፤ በነገሥታቱም ዘመን ግንበኞቻቸውና አናጢዎቻቸው በጎንደር ሕንፃ ሥራ ተካፍለዋል። ሕዝቡ ግን በእጃቸው ሥራ እየተጠቀመ፥ እነርሱን «ቡዳ» እያለ ሸሻቸው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ልጆቻቸው በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፥ በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ። የጥንቶቹ እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ የዮሴፍን አፅም ይዘው ወጥተው ነበር፤ እነዚህ ግን ብዙዎቹ በሌሊት ተሰውረው የወጡ ናቸውና፥ የአባቶቻቸውን አፅም ለጎረቤት ትተው ሄዱ።

የጎረቤት አደራ እንዴት እንደሚጠበቅ በሩቅ አገር የሆነ አንድ ነገር ያስረዳል። ወርቅ ለመቆፈር ወደ ኒው ዚላንድ ተሰደው በዚያ የሞቱ ቻይናውያን ነበሩ። አፅማቸው በአባቶቻቸው አገር እንዲያርፍ ወገኖቻቸው ገንዘብ አዋጥተው፥ የ499 ሰዎችን አፅም በቬንትኖር መርከብ ጫኑ። መርከቡ በጥቅምት 1895 ዓ.ም. ሰጠመ። ባሕሩ ወደ ዳር የተፋውን አፅም ለቅመው የቀበሩት የአገሩ ተወላጆች ማኦሪዎች ናቸው፤ የሟቾቹን ቋንቋ አያውቁ፥ አምልኮታቸውንም አይጋሩ። ታሪኩን ልጅ ካባት እየተቀበለ ጠበቀው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ2005 ዓ.ም. ቻይናውያን ወደዚያ ሄደው አመሰገኑ፥ መታሰቢያም አቆሙ።

«ይህስ ሃይማኖታቸውን እንደ መቀበል አይቈጠርምን?» የሚል አይጠፋም። ፍትሐት ለተጠመቀ ነው፤ ይህን ሥርዓት ማንም አያፋልስ። ነገር ግን ድንጋይ አለመንቀልና አጥር ማጠር ፍትሐት አይደለም። አብርሃም ሣራን የቀበረበትን ዋሻ በ400 ሰቅል ብር የገዛው ከኬጢ ልጆች ነው፤ እነርሱም አምላኩን ሳያመልኩ፥ ለእንግዳው ከመቃብራቸው የተሻለውን እንዲመርጥ ፈቀዱለት። የኢየሩሳሌም ካህናት እንኳ፥ ይሁዳ በመለሰው ብር የሸክላ ሠሪውን መሬት ለእንግዶች መቃብር ገዝተዋል። እኛ ደግሞ የሸክላ ሠሪዎቹን መቃብር ያለ ዋጋ ተረክበናል። ጌታችንም የተቀበረው በሰው መቃብር ነው።

መሬት በጠበበበት በዚህ ዘመን ጠያቂ የሌለው ቦታ ለእርሻ ያጓጓል፤ የተጠረበ ድንጋይም ለቤት መሠረት ይፈለጋል። በሱዳን በኩል ከወጡት ከቤተ እስራኤል 4,000 ያህሉ በመንገድና በስደተኞች ሠፈር እንደ ሞቱ ይነገራል። መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ቆሟል፤ አፅማቸው ግን በሱዳን አፈር ውስጥ ነው፤ የሚጠብቀውም፥ የሚጠብቅ ካለ፥ እስላም ገበሬ ነው።