የሐሰተኛ ደም ይቀልላልን?

ሰው ሞተ በተባለ ጊዜ ከልቅሶው አስቀድሞ «ለመሆኑ እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው። መልሱ «ደግ ነበር» የሆነ እንደ ሆነ ሰሚው ያዝናል፤ «ሐሰተኛ ነበር» የሆነ እንደ ሆነ ግን ልቡ ጥቂት ይረጋጋል፤ ኀዘኑም ሳይታወቀው ይቀንሳል። እንግዲህ የሟች ጠባይ የሞቱን ክብደት ይለውጠዋልን? ይህ ጥያቄ፥ እንግሊዛዊቱ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ባሳተመችው «የሃሎዊን ግብዣ» በተባለው ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። መጽሐፉም አንባቢውን ቅር የሚያሰኘው ይህን ጥያቄ አንሥቶ ሳይመልሰው በማለፉ ነው።

ሃሎዊን የሚባለው በኦክቶበር 31 ቀን ማታ የሚውለው በዓል ነው። የስሙም ትርጓሜ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነው፤ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን በኖቬምበር 1 ቀን ቅዱሳንን ሁሉ፥ በማግሥቱም በኖቬምበር 2 ቀን ያንቀላፉትን ምእመናን ሁሉ ታስባለችና። ከዘመን ብዛት የተነሣ ግን ዋዜማው በብዙ አገር የልጆች ጨዋታ ሆኖአል። ዱባ ተፈልፍሎ መብራት በውስጡ ይገባል፤ የጠንቋይና የሙታን መንፈስ መልክ ያለው ልብስ ይለበሳል፤ በውሃ በተሞላ ባልዲ ላይ የሚንሳፈፈውን ፖም በጥርስ ነክሶ ማውጣትም አንዱ ጨዋታ ነው።

የክሪስቲ ታሪክ የሚጀምረው ዉድሊ ኮመን በምትባል የእንግሊዝ መንደር ለዚህ ማታ ግብዣ ሲሰናዳ ነው። ጆይስ የምትባል የ13 ዓመት ልጅ፥ የወንጀል ታሪክ የምትጽፍ አንዲት ስመ ጥር ደራሲ በዚያ መኖሯን አይታ፥ ሰው ሲገደል በዐይኗ ማየቷን ትናገራለች። ጆይስ በመዋሸት የታወቀች ናትና ቃሏን የሚያምናት አይገኝም። በዚያው ማታ ግን ፖም በተንሳፈፈበት ባልዲ ውስጥ ራሷ ተደፍቆ ሞታ ትገኛለች። ነገሩን ይመረምር ዘንድ ኤርኩል ፗሮ የተባለው የክሪስቲ ወንጀል መርማሪ ይጠራል። እርሱም ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ስለ ልጅቱ ሲጠይቅ ከብዙዎቹ አፍ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ ሐሰተኛ ነበረች የሚል ነው።

ክሪስቲ ይህን ስትጽፍ ዕድሜዋ ወደ 80 ተጠግቶ ነበር። በ1926 ዓ.ም. «የሮጀር አክሮይድ መገደል» በተባለው መጽሐፏ ያሳየችው የነገር አጠማመድ በዚህኛው ላልቷል። ንግግሩ ይደጋገማል፤ ስለ ዘመኑ መክፋት የሚሰማው ወቀሳ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ይመላለሳል። ይህ ግን የድካም ጉድለት ነውና በቀላሉ ይቅር ይባላል። የሚከብደው ሌላ ነው። በመጨረሻ ነገሩ ሲመረመር ግድያው እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ያየችው ግን ጆይስ አልነበረችም፥ ጓደኛዋ የነገረቻትን የራሷ አድርጋ ተናገረች እንጂ። በዚህም ውሸቷ በእውነተኛዪቱ ምስክር ላይ ሊመጣ የነበረውን ሞት ሳታስበው ወደ ራሷ አዞረው። ይህ እጅግ የሚያሳስብ ነገር ነበር። ደራሲዋ ግን ምሥጢሩን ከፈታች በኋላ ልጅቱን ትተዋታለች፤ አንባቢም ገዳዩን ዐውቆ፥ ለሟቿ ሳያዝን መጽሐፉን ይዘጋል።

በዚያው ታሪክ ውስጥ ሌላ ሐሰተኛ የተባለች ሴት አለች። ኦልጋ የምትባል የባዕድ አገር ልጅ አንዲት ባለጸጋ አሮጊት ትጦር ነበር። አሮጊቷ በኑዛዜ ሀብቷን ለእርሷ ማውረሷ በተሰማ ጊዜ ኑዛዜው በሐሰት የተጻፈ ነው ተባለ፤ ኦልጋም ስትጠፋ፥ ተንኰሏ ስለ ተገለጠባት ሸሸች ተብሎ ነገሩ ተዘጋ። ፍጻሜው እንደሚያሳየው ግን አሮጊቷ በእውነት አውርሳት ነበር፤ ሐሰተኛውን ጽሑፍ ያዘጋጁት ሌሎች ነበሩ፤ ኦልጋም ተገድላ በጕድጓድ ተጥላ ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው ስሟ ጠራ፤ ነገር ግን የጠራው ከሞተች በኋላ ነው። ስለዚህ ሐሰተኛ የሚለው ስም ለገዳይ ምን ያህል የሚመች መሸሸጊያ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል። ሰው ሐሰተኛ ያላትን ሴት ብትጠፋ አይፈልጋትም፤ ያልተፈለገችም ደሟን የሚጠይቅላት የለም።

አንዳንድ ሰው «ይህ መጽሐፍ የመዝናኛ እንቆቅልሽ ነው፤ ከእንቆቅልሽ ልቅሶ የሚጠብቅ ማን ነው?» ይል ይሆናል። ቃሉ እውነት አለበት። ሻይ እየተጠጣ ነገር በሚፈታበት በዚህ ዓይነት ታሪክ መደሰት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የፈሰሰ ደም ሁሉ እንደሚጠየቅ፥ የተሰወረም እንደሚገለጥ ስለሚያሳይ መልካም ነገር አለበት። ነገር ግን ደራሲ የሕፃን ሞት ለጨዋታው ሲበደር ዕዳ ይገባበታል። ዕዳውም ብዙ አይደለም፤ ሟቿ ሰው እንደ ነበረች የሚያሳስብ አንድ ገጽ ይበቃ ነበር። ከዚህ መጽሐፍ ተወስዶ በ2023 ዓ.ም. የታየው፥ ቦታውን በቬኒስ ከተማ ያደረገው ፊልም ደግሞ ልጅቱን ጨርሶ አስቀርቶ፥ ጆይስ የሚለውን ስም ሙታንን አነጋግራለሁ ለምትልና ማታለሏ ለሚገለጥባት ጎልማሳ ሴት ሰጠው። ስሟ ብቻ ቀረ፤ እርሱም ከነነቀፋው።

ሌላው ሰው ደግሞ «ልጅቱ ባትዋሽ ኖሮ ባልሞተች ነበር» ይል ይሆናል። ይህ የሞቷን ሰበብና የገዳዩን በደል መቀላቀል ነው። ሐሰት ኀጢአት ነው፤ ቅጣቱ ግን ለገዳይ እጅ አልተሰጠም። ግድያን የከለከለው ሕግ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለይቶ አልጠበቀም። የአቤል ደም ወደ እግዚአብሔር እንደ ጮኸ የሚያስብ ሰው፥ የወንድሙን ደም ያፈሰሰው ቃየል ራሱ ማንም እንዳይገድለው ምልክት እንደ ተደረገለት ደግሞ ሊያስብ ይገባዋል። የነፍሰ ገዳይ ደም እንዲህ ከተጠበቀ፥ በታላቅ ሰው ፊት ለመከበር ብላ የዋሸች ልጅ ደም እንዴት ይቀልላል? ቤተ ክርስቲያንም ለሞቱት ምሕረትን የምትለምነው ኀጢአት እንዳለባቸው ስለምታውቅ ነው።

የዉድሊ ኮመን ሰዎች ቅዱሳንና ሙታን በሚታሰቡበት ሰሞን፥ ዱባውንና ፖሙን ይዘው መታሰቢያውን ጣሉ፤ ደራሲዋም አላነሣችላቸውም። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው እንግዲህ እርሷ የተወችውን ሥራ ራሱ ሊሠራው ይገባል። በመጽሐፍም ሆነ በጎረቤት የሞት ወሬ በደረሰው ጊዜ የሟቹን ጠባይ ከመጠየቁ በፊት፥ ደሙን የሚጠይቅለት፥ ኀዘኑንም የሚቀመጥለት ሰው እንዳለ ይጠይቅ። ስለ ጠባዩ የሚፈርድ ሌላ ዳኛ አለና።