ትርፉ የቱ ነው?

ከስጦታ መጠቅለያ የተረፈ ባለ አበባ ወረቀት አልጥልም። በመቀስ እየቆረጥሁ በደብተር ገጽ ላይ እለጥፈውና መካከሉ ላይ ፎቶግራፍ አኖርበታለሁ። ይህ የሕፃን ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሜሪ ዴላኒ የተባሉ እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1772 በ72 ዓመታቸው ባለቀለም ወረቀት እየቆረጡ አበባ መሥራት ጀምረው፣ ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ፣ በ10 ዓመት ገደማ 1000 የሚጠጋ ሠርተዋል። ሥራቸው ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ደግሞም እውነተኛውን አበባ ፊታቸው አስቀምጠው፣ ወረቀቱን በአበባው ልክ ይቆርጡ ነበር።

እኔ የሠራሁት የዚህን ግልባጭ ነው። ባለፈው ፋሲካ የቤተሰባችን ፎቶግራፍ ካዘጋጀሁት የአበባ ክፈፍ ውስጥ አልገባ ቢለኝ ዳሩን ቆረጥሁት። ገጹም አማረ። እናቴ ግን አየት አድርጋ፣ «ያዘለችህስ የት ገባች?» አለችኝ።

ለካ ከወጥ ቤት ተጠርታ መጥታ ዳር ላይ ቆማ ኖሯል! የጣት ስፋት ለማታክል ቁራጭ ወረቀት የምሳሳ ሰው፣ እሷን ሳላይ ቆረጥኋት።

«ገጽ ልክ አለው፤ ሁሉን አይችልም» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ልኩን ማን አወጣው? ዳር የቆመ ሰው ትርፍ የሚሆነው በማን መቀስ ነው?

ቁራጩን ከቅርጫት ፈልጌ አገኘሁት፤ መልሼም ለጠፍሁት። ከክፈፉ ወጥቷል፣ መጋጠሚያውም ይታያል። በአበባ ልሸፍነው አሰብሁና ተውሁት።