ጅራፉን ማስቀመጥ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ወደየአገራችን እንበተናለን። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፥ ውጫሌን አልፎ መርሳ ሳይደረስ፥ ውርጌሳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ እኛ የዚያች ልጆች ነን። ቤት ስንደርስ አንድ ዕዳ ይጠብቀናል። ቅዳሜና እሑድ ታናናሾቻችንን ይዘን ሜዳ መውጣት አለብን። "መቼ ነው የምትወስዱን?" የሚለው ጥያቄ ገና ሻንጣችን ሳይወርድ ይጀምራል።

ሽርሽራችን ቀላል ነው፤ ዳቦና ቆሎ፥ አንድ ጀሪካን ውሃ፥ አንድ ኳስ። ሕጋችንም ሁለት ብቻ ነው። ከወንዙ አሸዋ ላይ አንቀመጥም፤ የምዕራቡ ተራራ ከጠቆረም ወዲያው እንመለሳለን። ደራሽ ውሃ እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው ብሎ አይምርም።

ከቡሄ በኋላ በነበረው እሑድ፥ ከማሽላ ማሳ አጠገብ ካለ ግጦሽ ላይ ልጆቹ ኳስ ሲያንከባልሉ፥ ስምንት ዓመት የሚሆነው አንድ እረኛ ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ያይ ነበር። "ና ተጫወት እንጂ!" አልነው። "ከብቶቹስ?" አለን። ጥያቄው አጭር ነበር፤ መልሱ ግን እስከ ዛሬ አላለቀልንም።

ከመካከላችን አንዱ "እኔ እጠብቅልሃለሁ" ብሎ ጅራፉን ተቀበለ። ልጁም ገባ፤ ሮጠ፤ ሳቀ። ነገር ግን ኳሱ በራቀ ቁጥር ዓይኑ ወደ ከብቶቹ ይሄዳል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ጊደር ማሽላው ውስጥ ገባች። ጠባቂያችን ቢጮህ ማን ሊሰማው! "አብሽሩ፥ እኔ ልመልሳት፤ የሚያውቁት የኔን ድምፅ ነው" ብሎ ልጁ ጨዋታውን ትቶ በረረ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር አየን። የስድስት ዓመቱ ወንድማችን ያንኑ ጅራፍ ከእረኛው ለምኖ ተቀበለና ከላሞቹ ኋላ እየሮጠ ሲያስጮኸው ዋለ። ማታ እናታችን "ምን አየህ ልጄ?" ብትለው፥ "እረኛ ሆንኩ!" አላት በኩራት።

እንግዲህ ጅራፉ አንድ ነው፤ ከብቱም ሜዳውም አንድ ነው። ለመሆኑ ለአንዱ ጨዋታ፥ ለሌላው ሥራ ያደረገው ምንድን ነው? ድካም ነው እንዳንል ወንድማችንም ደክሞ እራቱን ሳይጨርስ ተኝቷል። ደስታ ነው እንዳንልም፥ እረኛ የጭቃ በሬ ይሠራል፥ ዋሽንት ይነፋል፤ ሜዳውን ከኛ ይልቅ ያውቀዋል። እኛ የደረስንበት ልዩነት ይህ ነው፤ ወንድማችን ሲሰለቸው ጅራፉን አስቀምጦ ወደ ዳቦው መጣ። እረኛው ቢያስቀምጠው ግን ማታ የማሽላው ባለቤት ይመጣል፤ ካሳ አለ፥ ጠብ አለ።

አርስቶትል ሰው የሚሠራው ዕረፍት ለማግኘት ነው ብሎ አስተምሯል። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት የሚጠራበት ቃልም የመጣው ዕረፍትን ከሚገልጸው የግሪክ ቃል ነው። መልካም! ይሁንና የአቴናው ጌታ የሚያርፈው ባሪያው ስለሚሠራለት ነበር፤ አርስቶትልም ባርነትን ደግፎ ተከራክሯል። የሙሴ ሕግ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ በሬና አህያ እንኳ በሰንበት እንዲያርፉ ያዝዛል። በአገራችንም እሑድ ቀንበር አይጫንም፤ በሬው ያርፋል። ያረፈ በሬ ግን ይግጣል፤ የሚግጥ በሬም ጠባቂ ይሻል። ጁምዓን ለሚያከብረው ጎረቤታችንም ነገሩ ያው ነው። ሰንበት ለበሬው ደረሰ፥ ለልጁ ሳይደርስ ቀረ።

የዘመኑን ሕግም አገላብጠናል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት፥ በአንቀጽ 31፥ ዕረፍትና ጨዋታ የሕፃን መብት ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም ጨዋታን በአንቀጽ 12 ያውቅለታል፤ በአንቀጽ 31 ግን ሕፃኑ እንደ ዕድሜውና እንደ ችሎታው ለቤተሰቡ ያለበትን ኃላፊነት ይዘረዝራል። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ተቀብላለች። ቁጥሩ መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ሁለቱ አንቀጾች በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ መገናኘታቸው ግን አጋጣሚ አይደለም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን "እረኝነት ትምህርት ነው፤ አባቶቻችንም በዚያው አልፈዋል" ይሉናል። አንክድም። ጥጃን ከጊደር የማይለይ የከተማ ልጅ የሚያስቀና አይደለም። አባትየውም ጨካኝ አይደለም፤ ሌላ እጅ የለውም። እኛ የምንለው ግዴታ ይቅር ሳይሆን፥ ግዴታን ተቀብሎ የሚያሳርፍ ሰው ይኑር ነው። ማኅበረሰባችን ለአጨዳና ለአረም ደቦ ያውቃል፤ ለልጅ ጨዋታ ደቦ ቢጠራ ምን ነውር አለው?

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ኳሱን ከመያዛችን በፊት ወደ ልጁ አባት ቤት ሄድን። "ዛሬ ከብቱን እኛ እንጠብቅ፤ እርስዎም ብቅ እያሉ ይዩን" አልናቸው። ሳቁ። "እሱስ ደግ ነው ልጆቼ። የናንተ ክረምት ሲያልቅሳ?" አሉን።

ለአንድ ቀን ልናበድረው የመጣነው ነገር ዓመቱን ሙሉ እንደሚያስፈልገው ያን ጊዜ ገባን። ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ ከብቱ በተራ ቢጠበቅ፥ ለየልጁ ነፃ ቀን ሊወጣለት እንደሚችል አንስተን ተነጋገርን። "ሦስት ቤት ከተስማማ ይሆናል" አሉ። እኛ ከውርጌሳ ስንነሣ ሁለቱ ቤቶች ተስማምተው ነበር። ሦስተኛው ቤት፥ ጊደሯ የገባችበት የማሽላው ባለቤት ቤት፥ "እናስብበት" ብሎ ነበር።