መተውና መጠበቅ



ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. በዩክሬን፣ በቼርኖቢል የኑክሊየር ኃይል ማመንጫ በደረሰው ፍንዳታ ምክንያት፣ 49 ሺህ ያህል የፕሪፕያት ከተማ ነዋሪዎች በማግስቱ ከቤታቸው ወጡ። ከተማይቱ እስከ ዛሬ ባዶዋን ናት። በአደባባዮችዋ ዛፍ በቅሏል፤ በዙሪያዋም ተኩላና የዱር ፈረስ ይሰማራሉ። ይህን የሰሙ አንዳንዶች «ፍጥረት የሚያርፈው ሰው ሲጠፋ ነው» ይላሉ። እንዲህ ከሆነ፣ ሰው በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጠረ የሚለው ትምህርታችን ምን ትርጉም ይኖረዋል?

ጥያቄውን ወደ ራያ ቆላ እናምጣው። የቆቦ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። ጠለፋው በጋራ ጉልበት ይጠረጋል፣ ይጠገናል። የሰው እጅ ሲርቅ ግን ያው ጎርፍ አፈሩን ይሸረሽራል፤ ጦም ባደረው ማሳ ላይም ፓርቴኒየም የተባለው መጤ አረም ይነግሣል። በ1977ቱ ረሀብ፣ ኋላም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሕዝቡ ቀዬውን ጥሎ ሲሰደድ፣ «መሬቱ ዐረፈ» ብሎ ደስ ሊለው የሚችል ማን ነው?

የፕሪፕያትም ልምላሜ ፈውስ አይደለም። በአፈሩ ውስጥ የቀረው ሲዝየም ግማሹ እንኳ እስኪጠፋ 30 ዓመት ያህል ይፈጃል።

በአንጻሩ፣ ተራሮቻችንን ያራቆትነው እኛው መሆናችንን መካድ አይገባም። ከከብት ንክኪ የተከለለ ተራራ እንደገና ሣርና ቁጥቋጦ ሲለብስ አይተናል። ነገር ግን መከለል ማለት መተው አይደለም፤ ጎረቤታሞች መክረው ከብታቸውን የሚከለክሉበት፣ ዘብ የሚያቆሙበት የፈቃድ ሥራ ነው። ሌላ ግጦሽ የሌለው ድኻ ግን ሸክሙን ብቻውን ሊሸከም አይገባም፤ የሚታጨደው ሣር አስቀድሞ ለእርሱ ይድረስ። ያለ ፍትሕ የተጠበቀ ተራራ በእግዚአብሔር ፊት ገና ራቁቱን ነው።

ኦሪት ዘፍጥረት ሰው በገነት የተቀመጠው ሊያለማትም ሊጠብቃትም እንደ ሆነ ያስተምረናል። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2007 ዓ.ም. «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ሁለቱ ቃላት እንዳይነጣጠሉ አሳስበዋል። ጥበቃ የሌለው ልማት ምድሪቱን ይዘርፋታል፤ እጁን አጣጥፎ መቀመጥም ጥበቃ ተብሎ አይጠራም።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ሕፃናቱ «ምድር ያለ እኛ ትሻላለችን?» ብለው ቢጠይቋችሁ፣ ወደ ጠለፋው ይዛችኋቸው ውረዱ። ምድር የምትሻው የሰውን መጥፋት ሳይሆን የሰውን መመለስ፣ ማለትም ንስሐውን ነው።