ጉርሻና ፍቅር

«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» የሚለውን ተረት የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። እኔም በልጅነቴ ከእናቴ ማዕድ፥ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ካንድ ትሪ ስበላ፥ የተረቱን እውነትነት በአፌ አረጋግጫለሁ። ከባሕር ማዶ የመጡት መምህሮቻችን እያንዳንዳቸው በየሳህናቸው ሲበሉ ባየሁ ጊዜ፥ ፍቅር የጐደላቸው ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። ነገር ግን አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ ይህን ተረት እንደገና እንድመረምረው የሚያስገድድ ነገር ደረሰብኝ።

በ2014 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት አንድ የቆየ ባልንጀራዬን ከነባለቤቱ ወደ ቤቴ ጠራሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ሐኪም ልቡ መድከሙን ነግሮት፥ ጨው አጥብቆ እንዲቀንስ አዞት ነበር። እኔም ይህን አውቅ ነበር። ዶሮ ወጡ ቀርቦ ጥቂት እንደ ጐረሰ እጁን ሰበሰበ። እኔ ግን «የአርባ ዓመት ወዳጄ በበዓል ቀን ከቤቴ ሳይጠግብ ይወጣልን?» ብዬ፥ በትልቁ ጠቅልዬ፥ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» አልሁት። ባለቤቱ በዓይኗ ለመነችኝ፤ እንዳላየ ሆንሁ። «አንድ ያጣላል» ብዬም ደገምሁለት። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ወዳጁ ቤት ተጠርቶ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ሌሊት እግሩ አብጦ፥ ትንፋሹ አጥሮ፥ ጋደም ማለት ስላቃተው ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ። ጨው በሰውነት ውስጥ ውሃ ይይዛል፤ የደከመ ልብም ያንን ውሃ መግፋት ሲሳነው በእግርና በሳንባ ይጠራቀማል። ይህን ለተማሪዎቼ ያስተማርሁት እኔው ነበርሁ።

ልጠይቀው ሄጄ «ለምን እንቢ አላልኸኝም?» ብለው፥ «ያንተን እጅ ከምመልስ ብዬ ነው» አለኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። እኔ ፍቅር የሰጠሁት መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን የተቀበለው እንደ ትእዛዝ ኖሯል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰው በፍቅር የተዘረጋለትን መብል ለጤናው ሲል ቢመልስ ነውር ነውን? ወይስ ነውሩ የሚያስገድደው ሰው ነው?

አስቀድሞ ስለ ልማዳችን በቅንነት መናገር ይገባል። «በሞቴ» ማለት ያለ ምክንያት የመጣ ነገር አይደለም። ረኃብን በሚያውቅ አገር እንግዳ «ርቦኛል» ለማለት ያፍራል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ኀፍረቱን ሊያነሣለት ይለምነዋል። ዛሬም ቢሆን ባሏ የሞተባት፥ ልጆቿ የራቋት፥ ለብቻዋ ማብሰል ሰልችቷት በቡናና በቁራሽ ዳቦ የምትውል እናት በየመንደሩ አለች። ለእርስዋ የጐረቤት «በሞቴ» ከመድኃኒት ይበልጣል። ብዙ ሰው ሽማግሌ ጥቂት ቢበላ ይበቃዋል ይላል፤ ይህ ግን እኩሌታው ብቻ እውነት ነው። ያረጀ ሰውነት የሚያቃጥለው ምግብ ያነሰ ቢሆንም፥ ሥጋን የሚገነባው ፕሮቲን አያንሰውም። እንዲያውም የዘርፉ ሊቃውንት ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ አረጋዊ በያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመክራሉ፤ ይህም ለጐልማሳ ከሚታዘዘው 0.8 ግራም የበለጠ ነው። ባቄላው፥ ምስሩ፥ ወተቱ፥ ዕንቁላሉ ከጐደለ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጡንቻ ሲሟሽሽ ጉልበት ይከዳል፤ ጉልበት ሲከዳ መውደቅ ይመጣል። የጥም ስሜትም ከዕድሜ ጋር ስለሚደክም፥ ሽማግሌ ውሃ ሳይጠማው ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ ማስታወስና መለመን በራሱ ክፉ አይደለም።

በሌላው ወገን ደግሞ የቬኒስ መኰንን የነበረውን የሉዊጂ ኮርናሮን ነገር እናስታውስ። ይህ ሰው በወጣትነቱ በመብልና በመጠጥ ብዛት ተጐድቶ፥ ሐኪሞች በልክ ካልኖረ እንደሚሞት ነገሩት። እርሱም ምግቡን በቀን 12 አውንስ፥ ይኸውም ወደ 12 ወቄት የሚጠጋ አድርጎ ጤናውን አገኘ፤ በ1558 እንደ አውሮጳ አቈጣጠርም ስለ ልከኛ ኑሮ መጽሐፍ አሳተመ። ከሰባ ዓመት በላይ ሳለ ግን ዘመዶቹና ወዳጆቹ «ለዕድሜህ አነሰ» እያሉ አጥብቀው ስለ ለመኑት፥ ሁለት አውንስ ጨመረ። ብዙም ሳይቈይ ታመመ፤ ትኵሳቱም ከወር በላይ ያዘው። ወደ ልኩ ሲመለስ ዳነ። የእርሱ ልክ ለሁሉ ይሆናል አልልም፤ ለብዙ ሰው እጅግ ያንሳል። የማደንቀው ልኩን ማወቁን ነው። ዘመዶቹም ክፉዎች አልነበሩም፤ ወዳጆቹ ነበሩ።

ከዚህ የምንረዳው፥ አንዱ በመብል ማነስ ሌላው በመብዛት የሚጐዳ ከሆነ፥ «በሞቴ» የሚለው ቃል ብቻውን መልካምም ክፉም ሊባል አለመቻሉን ነው። የሚለየው የሚያጐርሰው ሰው የሚያየው ነገር ነው። የባልንጀራውን ፊት ካየ፥ ለተራበው ይጨምራል፤ ለታመመው ይተዋል። የገዛ ሞሰቡን ክብር ካየ ግን፥ ሁሉንም እኩል ያስጨንቃል። እኔ በዚያ ቀን የባለቤቱን ዓይን አይቼ እንዳላየ የሆንሁት፥ ቸርነቴ እንዳይመለስብኝ ብዬ ነበር።

አንዳንድ እኩዮቼ «ዕድሜዬ አልፏል፤ ያማረኝን በልቼ ልሙት» ይላሉ። ይህ ድፍረት ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ሁልጊዜ በልቶ ወዲያው አይሞትም። ደሙ አናቱ ላይ ወጥቶ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ሰው ዓመታት ሊተኛ ይችላል፤ የሚያነሣውና የሚያጥበውም ሥራዋን የተወች ሴት ልጁ ናት። እንግዲያስ የሽማግሌ ጤና የግል ሀብቱ ብቻ አይደለም። ደግሞም በተቃራኒው፥ ከጧት እስከ ማታ ስለ ደም ግፊቱ ብቻ የሚያወራ፥ በሰው ማዕድ ሁሉ ላይ ፊቱን የሚያጨፈግግ ሽማግሌ ጤናውን ጣዖት አድርጎታል።

ስለዚህ ግዴታው የሁለቱም ነው። እንግዳው ሳያፍርና ሳያማርር «ይህ አይስማማኝም» ይበል፤ ባለቤቱም አንድ ጊዜ ሰምቶ ይመን። የዓለም የጤና ድርጅት ለጐልማሳ ሰው የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፥ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በእኛ ቤት ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ሲሠራም ይጨመርበታል። ስለዚህ እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ማሰብ፥ ከመጣ በኋላ ከመማል ይሻላል።

ባልንጀራዬ ተሻለው። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካም መጣ። ባለቤቴ ጨው ያልገባበት በርበሬ አስቀድማ አዘጋጅታ፥ ለእርሱ በትንሽ ድስት ለብቻው ሠራችለት። እኔም ትንሽ ጠቅልዬ፥ እጄን ከመዘርጋቴ በፊት፥ «ላጕርስህ?» አልሁት። «አንዲት ብቻ» አለኝ። ሁለተኛውን ስጠቀልል ሣቅ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ራሴው ጐረስሁት፤ ወዳጅነታችንም አልጐደለም። በአርባ ዓመት ውስጥ አስቀድሜ የጠየቅሁት ያን ቀን ብቻ ነበር።