ለማንኛውም

«ለማንኛውም ጃንጥላ ያዝ» ሲሉኝ አልከራከርም። ዝናቡ ቢቀር ጃንጥላው አይጎዳኝም። ሐኪም ቤት ውስጥ «ለማንኛውም ትወጋ» ሲባል ግን ቃሉ ያስፈራኛል።

ጽንስ ሊወለድ ሲቃረብ ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ትንንሽ እጢዎች ኮርቲሶል ያበዛሉ፤ ሳንባውም በዚያ ይበስላል። ስንደነግጥ በደማችን የሚበዛው ያው ሆርሞን ነው። ያለጊዜው የሚመጣ ሕፃን ይህን ስንቅ ሳይዝ ይመጣል። የኒውዚላንዶቹ ሊጊንስና ሃዊ በእናቱ በኩል በመርፌ ላኩለት። እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ጥናት፣ መርፌውን ካላገኙት ሕፃናት ከመቶ 15 ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲሞቱ፣ ካገኙት የሞቱት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚህ ላይ የሚከራከር ቢመጣ እኔ አልሰማውም።

ጭንቁ ያለው ምጡ ሲቆም ነው። መርፌው ተወግቷል፤ ልጁ ግን ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ ተወለደ። የእንግዴ ልጅ የእናትን ኮርቲሶል አብዛኛውን አክሽፎ የሚያስቀር ዘበኛ ነው፤ ዴክሳሜታዞንንና ቤታሜታዞንን ግን እምብዛም አያስቆማቸውም። የተመረጡትም ስለሚያልፉ ነው! ታዲያ የልጁ አንጎል ለየትኛው ድንጋጤ ምን ያህል ሆርሞን እንደሚበቃ ገና እየለመደ ሳለ ይደርሱበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የጀርመን ተመራማሪዎች ከ6 እስከ 11 ዓመት የሆናቸውን ልጆች በሰው ፊት ተረት አስጨረሷቸው፣ የቃል ሒሳብም አሠሯቸው። መድኃኒቱ በማሕፀን የደረሳቸው፣ ነገር ግን በጊዜያቸው የተወለዱት ልጆች ኮርቲሶላቸው ከእኩዮቻቸው ይበልጥ አሻቀበ፤ በሴቶቹ ደግሞ ጎላ ብሎ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የፊንላንድ ጥናት እንዳሳየው መድኃኒቱ ከደረሳቸው ልጆች ግማሽ የሚጠጉት በጊዜያቸው የተወለዱ ነበሩ። ከእነዚህ ወደ 9 ከመቶ በሚሆኑት፣ ካልደረሳቸው እኩዮቻቸው ደግሞ 6 ከመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ የአእምሮ ወይም የጠባይ ችግር ተመዝግቧል። እርግጥ ጥፋቱ እናቲቱን ሐኪም ቤት ያመጣት ሕመም ሊሆንም ይችላል፤ መድኃኒቱ ነው ብሎ መማል አይቻልም።

«ከተረፈ ሌላ ምን ይፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ለተረፈው እሺ። መጀመሪያም ላልሰጠመውስ? በእሱ ስም ተበድረን ያስታገስነው የራሳችንን ሥጋት ነው።

እናቲቱን መውቀስ ደግሞ ነውር ነው። ምጥ ይዟት «ፈርሚ» ስትባል ምኑን ትመርምር? መመዘኑ የሐኪሙ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የጽንሱ ዕድሜ በትክክል እንዲታወቅ፣ በ7 ቀን ውስጥ የመውለዷም ነገር የጎላ እንዲሆን ይጠይቃል። እንግዲህ ሐኪሙ መርፌውን ከማንሳቱ በፊት «በዚህ ሳምንት ትወልጃለሽ ያልኩት በዚህ በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ይንገራት፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መልሱ «ለማንኛውም ነው» ከሆነ ግን፣ እሷም ደግማ ትጠይቀው።